ያላየኸውን አትንፋ

ድሮ በእኛ ሜዳ፣ ቦርከና ዳር ባለው፣
ዳኝነት የሚደርስ እግሩን ለታመመው፤
"አንተ ና" ይሉታል፣ "ዛሬ አትጫወትም፣
ድምፅህም ይሰማል፣ ማንንም አትፈራም።"
ፊሽካ ያለው አንድ ሰው፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ፤
እሱ ከተኛማ በጣት ነው የእኛ።
መስመሩ አመድ ነው፣ ካፊያ የሚበላው፤
ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ ከፍታውን ማን ለካው?
"ገብቷል!" "አልገባም!" ሲባል እየመሸ፣
ስንቱ ቅዳሜዬ እዚያው ተበላሸ።
"ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ይላል ያገሬ ሰው፤
ዳኛ የጠፋ ቀን የማይናገር ማነው?

አንዴማ ጥርስ ወልቆ፣ ደም ነክቶት ማሊያው፣
አባገሮች መጡ፤ ሌላ ማን ሊፈታው?
ዋርካ ሥር አዋሉን፣ ገሥጸው፣ መርቀው፣
ሊሄዱ ሲነሡ ትልቁ አዝግመው፦
"ጥርሱንስ አስታረቅን፣ አላህ ይባርካችሁ፤
ኦፍሳይድ የምትሉትን እናንተው ታውቃላችሁ።"

ከዚያ ነው ወረቀት የቀበሌው በር ላይ፦
"ዳኞች እናሠለጥናለን። ለታዳጊ ሊግ፣ ለጎልማሳም። ምዝገባ እስከ ዓርብ።"
ሃያ ሦስት መጣን፤
"አበል የለም" ሲባል አሥራ ሁለት ቀረን፦
እኔ፣ ሁለት መምህር፣ ሙሄ ከዳቦ ቤት፣
ሉባባ ይመርም፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሌሊት
ፈረቃዋ ወጥታ፤ ዐይኗ ከሺህ መሐል
የተበጠሰች ክር ለይቶ ይነቅሳል።

ጋሽ ተድባቡ ናቸው ያሠለጠኑን፤ ጉልበታቸው
ደሴ ሜዳ ላይ ነው የቀረው፤ ፊሽካቸው
ግን ዛሬም ከአንገታቸው።
"ሕጉ አሥራ ሰባት ነው፣ ከደብተሩ ታገኙታላችሁ።
የእኔ አንድ ብቻ ነው፦ ያላየኸውን አትንፋ፤
ያየኸውን ደግሞ አትዋጥ፣ ቢመርም፣ ቢከፋ።"

ሰኞ ከሰዓት የስድብ ትምህርት ነበረ፤
ግማሹ ዳኛ ሆኖ፣ ግማሹ ደጋፊ፣ ክፍሉ ተደረደረ።
ሙሄ እናቴን ሲያነሣ እጄ ቀድሞኝ ሄደ።
"ተው!" አሉኝ ጋሽ ተድባቡ።
"እዚህ የሚነሣው እጅ አይደለም፣ ካርድ ነው።
እሱም ስትረጋጋ።"
ያን ዕለት ማታ ሙሄ ሁለት ዳቦ ሰጠኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝ።

የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከአሥራ ሰባት በታች።
ሉባባ መሐል ዳኛ፣ ሻሿን አጥብቃ ያሠረች፤
እኔ መስመሩ ላይ፣ ባንዲራ በቀኜ።
የፋብሪካው ጡሩምባ ለፈረቃ ሲጮኽ
ልጆቹ ቀጥ አሉ፣ ፊሽካ መስሏቸው።
"ተጫወቱ!" አለች። ተመልካቹ ሳቀ።
ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፤ ዜሮ ለዜሮ።
ኳስ ከግራ መጣ፤ አሕመዲን ሮጦ፣
የእህቴ ልጅ፣ ብቻውን፣ ከሁሉም አምልጦ፣
አገባው።
ሜዳው ተደበላለቀ።

እኔ ግን አይቻለሁ። ኳሱ ሲለቀቅ ጉልበቱ
አልፎ ነበር።
በስንዝር።
ባንዲራው ከበደኝ፤ ምላሴም ሄደች
ጥርሴ ወደ ወለቀበት ክፍት ቦታ።
ሉባባ ዞር አለች፤
እንደ ክር ፈለገችኝ።

አነሣሁት።

ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጩኸቱ አልጽፍም፤ ሰኞ ተምሬዋለሁ።
ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ማንም እስኪመሽ አልተከራከረም።
ሉባባ ሪፖርቱን ጻፈች፣ ሦስት መስመር፣
ወደ ፈረቃዋም ሮጠች።
እህቴ ያለፈችኝ እንደማታውቀኝ ሰው ነው።

ማታ ደጃፏ ላይ አሕመዲን ጫማውን እየፈታ፦
"አጎቴ፣ በስንት ነው?"
እጄን ዘረጋሁለት፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ።
የራሱን አጠገቡ ዘረጋ፤ ለካ፤ ብዙ ዝም አለ።
"ትንሽ ናት" አለኝ።
"ትንሽ ናት" አልኩት።

ከውስጥ የእህቴ ድምፅ፣ ከቀትር ወዲህ ያልሰማሁት፦
"ዳኛው ይግባ፤ እራቱ ቀዘቀዘ።"